ቃኘው ሻለቃን ከፊልም መዝገብ ሳወጣ

አባቴ ኢትዮጵያ ለኮሪያ ጦርነት ከላከችው ከመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ ጋር ዘምቶ የተመለሰ ሰው ነው። ቤታችን ውስጥ የዚያ ዘመቻ ምስክር ሦስት ነገር ብቻ ነበር፤ አንድ ሜዳሊያ፣ ጠርዟን ምስጥ የበላት ፎቶግራፍና በእርሳስ የተጻፈባት ትንሽ ደብተር። ደርግ አባቴ ከተዋጋት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ እናቴ ሦስቱንም በአሮጌ ነጠላ ጠቅልላ ቁም ሣጥኑ ግርጌ ከተተቻቸው፤ አባቴም ስለ ኮሪያ ማውራት አቆመ። ዘመኑ ሲለወጥ ደግሞ እኛ ልጆቹ ተበታትነን ነበር። ሳንጠይቀው ሞተ።

እኔ የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ፊልሞቹን የሚያሳየው ኮሌጅ ፓርክ ባለው ሕንፃ ሲሆን፣ ታክሲ በምነዳበት ዘመን በአደልፊ መንገድ በበሩ ፊት ስንት ጊዜ እንዳለፍኩ ቆጥሬ አልዘልቀውም። አንድም ቀን ግን ውስጡ ምን አለ ብዬ አልጠየቅኩም።

የመጀመሪያው ጥፋቴ መግዛት ነው። አንድ ማታ ኢንተርኔት ላይ የኢትዮጵያ ወታደሮች ኮሪያ ውስጥ ተሰልፈው ሲሄዱ የሚያሳይ አርባ ሰከንድ የማይሞላ ፊልም አገኘሁ። መሃሉ ላይ የሻጩ ድርጅት ምልክት ተጋድሞበታል። ምልክቱ እንዲነሳልኝ ከፈልኩ። ከወራት በኋላ ያንኑ ምስል በቤተ መዛግብቱ ካታሎግ ላይ አየሁት፤ ከፊቱም ከኋላውም ሳይቆረጥ፣ በነፃ የሚወርድ። የአሜሪካ መንግሥት ሠራተኛ በሥራው ላይ ሆኖ ያነሳው ፊልም በአገሩ ሕግ የቅጂ መብት የለውም፤ ማንም ወስዶ ሊያሳየው፣ ሊሸጠውም ይችላል። ሻጩ ሕግ አልጣሰም። የምንጭ ውሃ በጀሪካን ቀድቶ እንደሚሸጥ ሰው ነው። የቆጨኝ ምንጩ ከጓሮዬ መሆኑን አለማወቄ ነው። ስለዚህ ገንዘብ ከማውጣታችሁ በፊት የምትፈልጉት ፊልም ካታሎጉ ላይ አስቀድሞ ተጭኖ እንደሆነ እዩ። ጥቂት የማይባል ተጭኗል።

ሁለተኛው ጥፋቴ የሚያስቅ ነው። ያ ነፃ ፊልም አባቴን አያሳይም፤ ስለዚህ ለፊልም ክፍሉ በኢሜይል ጥያቄ ጻፍኩ። የአባቴ ደብተር ላይ «ጥቅምት 1944» የሚል ጽሑፍ አለ፤ አዲስ አበባ ያለችው እህቴ በስልክ አነበበችልኝ፣ እኔም እንደሰማሁት አስገባሁት። ከቀናት በኋላ አንዲት ሠራተኛ እጅግ በትሕትና መለሰችልኝ፦ የኮሪያ ጦርነት የጀመረው በ1950 ስለሆነ የጠቀሱትን ዓመት ቢያረጋግጡልን። ሠላሳ ዓመት አሜሪካ ኖሬ የራሳችንን የዘመን አቆጣጠር ረሳሁት! ጥቅምት 1944 ማለት በእነሱ የ1951 ኦክቶበር አጋማሽና የኖቬምበር መጀመሪያ ነው። ወሩንም ዓመቱንም ሳትቀይሩ ምንም አትጠይቁ።

ከዓመተ ምሕረቱ የባሰው ግን ስሙ ነው። ቃኘው የራስ መኮንን የፈረስ ስም መሆኑን እኛ እናውቃለን፤ በ1951 ካሜራ ተሸክሞ ኮረብታ የወጣው የአሜሪካ ወታደር ግን ከየት ይወቀው? የመጀመሪያውን ፊደል አንዱ በኬ፣ ሌላው በኪው ይጽፈዋል። አብዛኛው ደግሞ ስሙን ከነጭራሹ አይጠቅስም፤ «የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች» ብሎ ያልፋል፣ ወይም ኢትዮጵያን በዝርዝሩ መሃል ከቱርክና ከግሪክ ጋር ደርድሮ ይተዋታል። በስም ፈልጌ ያገኘሁት ጥቂት ነው። መንገዱ የተከፈተልኝ አገራችንን ትቼ ጦሩ የተመደበበትን ስፈልግ ነው። ሻለቃው በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር፣ በ32ኛው ሬጅመንት ሥር ነበር። ሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነስቶ፣ ከጂቡቲ በአሜሪካ መርከብ ተጭኖ፣ በእነሱ አቆጣጠር ሜይ 1951 የኮሪያ ወደብ ፑሳን ደረሰ፤ በማግስቱ ዓመት ተተኪው ሻለቃ እስኪመጣም ቆየ። ስለዚህ የዚያን ክፍለ ጦርና የእነዚያን ወራት ፊልም ሁሉ አንድ በአንድ ማየት ነበረብኝ። ትከሻ ላይ የአሸዋ ሰዓት የሚመስል ምልክት ካየሁ 7ኛ ክፍለ ጦር ነው፤ ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ስለሆነ ቀይና ጥቁር ቀለሙ ባይለይም ቅርጹ ይታያል።

የጦሩን ፊልም ያነሳው ሲግናል ኮር የሚባለው የአሜሪካ ጦር ክፍል ነው። መዝገቡ ቁጥር 111 ነው። ከቁጥሩ ቀጥሎ «ኤ ዲ ሲ» ወይም «ኤል ሲ» የሚሉ ፊደሎች ይመጣሉ፤ ከዚያ የጥቅሉ ቁጥር። ይህን ሙሉ ቁጥር ከያዛችሁ ሥራችሁ አለቀ ማለት ይቻላል፣ ካልያዛችሁ ግን ማንም አይረዳችሁም። «አባቴ ያለበት ፊልም» ብሎ ማዘዝ መርካቶ ገብቶ «ጥሩ ዕቃ ስጡኝ» እንደማለት ነው።

ካታሎጉ የፊልሙን ርዝመት በደቂቃ ሳይሆን በጫማ ሲነግራችሁ አትደንግጡ። 35 ሚሊሜትር ፊልም በደቂቃ 90 ጫማ ይሄዳል፣ 16 ሚሊሜትር ደግሞ 36። 900 ጫማ የተባለ ባለ 35 ጥቅል አሥር ደቂቃ ነው ማለት ነው። ይህን ሒሳብ ያወቅኩት ዋጋ ከተነገረኝ በኋላ ነው፤ በፊት ባውቀው ኖሮ «900» የሚለውን አይቼ የአንድ ሙሉ ቀን ፊልም መስሎኝ ለሁለት ሳምንት ባላመነታሁ።

በአካል መሄድ ምን ያህል እንደሚጠቅም የገባኝ ስሄድ ነው። መታወቂያ ይዛችሁ ትቀርባላችሁ፣ የተመራማሪ ካርድ በነፃ ይሰጣችኋል፣ ቦርሳና ካፖርት በሣጥን ቆልፋችሁ ወደ ላይ ትወጣላችሁ። እዚያ ከፊልሙ ይልቅ ያስደነቀኝ የፊልሙ ዝርዝር ካርድ ነው። ካሜራማኑ ያነሳውን በየትዕይንቱ የሚዘረዝር ወረቀት አለ፦ ቀን፣ ቦታ፣ ከዚያ «ኤል ኤስ» ከሩቅ፣ «ኤም ኤስ» ከመካከል፣ «ሲ ዩ» ከቅርብ። አንድ መስመር እንዲህ ይላል፦ ከሩቅ፣ የኢትዮጵያ ወታደሮች ሣጥን ተሸክመው ኮረብታ ሲወጡ። ሰባ ዓመት ያለፈውን ሰው ያቺ መስመር እንደዚያ ስትጠራው ወንበሬ ላይ ደርቄ ቀረሁ። አጠገቤ የተቀመጠው ተመራማሪ ደህና ነህ ወይ ብሎኛል።

ለተመልካች የተባዛ የማያ ቅጂ ያለውን ፊልም ቁጭ ብሎ ማየት ይቻላል፤ ገደብ የሌለበትን በራስ መሣሪያ መቅዳትም ይፈቀዳል። ላፕቶፔን ይዤ ነበር፣ የቪዲዮ መቅጃዋን ትንሽ ሣጥን ግን ከተገዛች ጀምሮ አልሞከርኳትም። ገመዱ አልገባም። ያን ቀን ማስታወሻ ብቻ ይዤ ተመለስኩ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቤት ውስጥ በአሮጌ ማጫወቻ ፈትሼ ሄድኩና ቀዳሁ። ጥራቱ ለቤተሰብ ይበቃል። ፊትን አጉልቶ ለማየት ግን አይሆንም፣ የእኔ ጉዳይ ደግሞ ፊት ነው።

ሁሉም ነገር ይገኛል ብላችሁ አትሂዱ። ያ ዘመን ሲኒማ ቤት ያሳየው ከነበረው የዩኒቨርሳል ዜና ፊልም የኢትዮጵያን ጦር ቁራጭ እፈልጋለሁ ስል፣ ከተሠራው ዜና የተረፈው ጥሬ ፊልም ብዙው እንደሌለ ተነገረኝ። ዲሴምበር 7፣ 1978 ሱትላንድ፣ እዚሁ ሜሪላንድ፣ ናይትሬት የሚባለው፣ በቀላሉ የሚቀጣጠለው አሮጌ ፊልም ማከማቻው ተቃጥሎ 12.6 ሚሊዮን ጫማ ፊልም ወድሟል። ናይትሬት አንዴ ከተያያዘ በውሃ የሚጠፋ እሳት አይደለም። በአዲሱ ሒሳቤ ሠራሁት፤ በደቂቃ 90 ጫማ ሲታሰብ ከ2,300 ሰዓት በላይ፣ ሌት ተቀን ቢታይ 97 ቀን። ከዚያ ውስጥ አባቴ ስንት ሰከንድ ነበር? እንዲህ ያለ ጥያቄ ማታ ማታ ነው የሚመጣው።

ወደ ማዘዙ ልመለስ። ጥራት ያለውን ቅጂ የሚሠሩት ከቤተ መዛግብቱ ጋር የሚሠሩ የግል ድርጅቶች ናቸው። የጥቅሉን ቁጥር ይዤ ለሦስቱ ጻፍኩ፤ የሦስቱ ዋጋ የአንድ ዕቃ ዋጋ አይመስልም። አንዱ ከዚህ በታች አልቀበልም የሚለው ክፍያ ስላለው የሁለት ደቂቃው ቁራጭና ሙሉው ጥቅል በዋጋ እኩል ሆኑ። ሙሉውን አዘዝኩ። ጎበዝ ነኝ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ፣ ግን ቸኩያለሁ።

ፋይሉ ሲመጣ ምስሉ ግሩም ነው፣ እንቅስቃሴው ግን ተበላሽቷል። ወታደሮቹ እግራቸውን ባነሱ ቁጥር ጠርዙ ላይ ማበጠሪያ የገባበት ይመስላል። ፊልሙ የተነሳው በሰከንድ 24 ምስል ነው፤ እነሱ ለአሮጌው የአሜሪካ ቴሌቪዥን አሠራር፣ 30 ገደማ አድርገው፣ እያንዳንዱን ምስል ለሁለት ሰንጥቀው ሰጡኝ። ደውዬ ልጮህ ስል ትእዛዜን አነበብኩት፦ «ጥሩ ጥራት ያለው ቪዲዮ» ይላል። ያዘዝኩትን ነው የሰጡኝ። እንደገና ከፈልኩ። ሁለተኛው ትእዛዝ ላይ እንዲህ አልኩ፦ ከፊልሙ በቀጥታ በ2 ኬ፣ ማለትም ወርዱ ሁለት ሺህ ነጥብ ገደማ በሆነ ጥራት፣ ስካን ይደረግ፣ በሰከንድ 24 ምስል፣ ሳይሰነጠቅ፤ አንድ ለማስቀመጫ ብዙ በማይጨመቀው ፕሮሬስ፣ አንድ ለማያ ቀለል ባለው ኤም ፒ ፎር። የፕሮሬሱ ፋይል አሥር ደቂቃው ብቻ ከ13 ጊጋባይት በላይ ነው፤ በኢንተርኔት አልለፋሁም፣ ባዶ ሃርድ ዲስክ ላክሁላቸው። ድምፅ እጠብቅ ነበር፣ የለውም። የጦሩ ጥሬ ፊልም አብዛኛው ድምፅ አልባ ነው።

እግረ መንገዴን የአያቴን ጦርነት፣ የማይጨውን፣ ለመፈለግ ሞክሬ ነበር። እዚያ ሕጉ ሌላ ነው። በ1924 የተመሠረተው የሮማው ሉቼ የፊልም ተቋም በ1935 ካሜራዎቹን ከጦሩ ጋር ወደ አገራችን ልኳል፤ ዛሬም መዝገቡ የእሱ ነው። ለማየት ብዙው ተከፍቷል። ፊልም ሠርቶ ለሕዝብ ለማሳየት ግን በየት አገር፣ ለስንት ዓመት፣ በቴሌቪዥን ወይስ በኢንተርኔት ተብሎ ፈቃድ ይገዛል። መብቱ ይገባኛል፤ የተደበደበ ሰው የድብደባውን ፎቶ ከደብዳቢው ልጅ ሲገዛ ምን እንደሚሰማው ግን ውሉ ላይ የሚጻፍበት ቦታ የለም። ተውኩት። ጃንሆይ ኬኔዲን ሲጎበኙ፣ ኦክቶበር 1963፣ የተነሳውን ለምትፈልጉ ደግሞ ኮሌጅ ፓርክ ድረስ አትድከሙ፤ የየፕሬዚዳንቱ ቤተ መጻሕፍት የራሱ መዝገብ አለው፣ የኬኔዲ ቦስተን ነው።

ኤም ፒ ፎሩን ለእህቴ በቴሌግራም ላክሁላት። መጀመሪያ እንደ ቪዲዮ ልኬው ጨምቆ አደበዘዘው፤ «እንደ ፋይል» ብዬ ስልከው እንዳለ ደረሰ። እሷ በፍላሽ ገልብጣ ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካችው፣ ከኮሪያ ሰፈርም የአባቴን የጦር ጓደኛ አስመጣች፤ ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው፣ አባባ ነው የምንላቸው። እኔ በስልክ ሆኜ አያለሁ።

አባባ ዓይናቸውን አጥብበው አንዱን በስሙ ጠሩት። ሌላውን ደግሞ። እህቴ ትጽፋለች። ሣጥን የተሸከሙት ከኋላ በሚታዩበት ቦታ እናቴ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«አቁሙት! ይሄ አባታችሁ ነው።»

«ኧረ አይደለም» አሉ አባባ፤ «ይሄ የሐረሩ ልጅ ነው፣ ሣጥን ሲሸከም በግራው ነው። አንቺ ያኔ የት ታውቂዋለሽ?»

«ያኔ ባላውቀውስ! ሃምሳ ዓመት ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ከኋላው የሄድኩት እርስዎ ነዎት እኔ?»

ሦስት ጊዜ ወደኋላ መለሱት። ቡናው ቀረበ፣ ሦስተኛው ተጠጣ፣ አልተስማሙም። እኔ በነጋታው ካርዶቼን አወጣሁ። የተከታዩ ጥቅል ካርድ ላይ፣ ያው ቀን፣ ያው ቦታ፣ አንድ መስመር አለ፦ «ኤም ኤስ፣ እነዚሁ ሰዎች ከፊት»። የማያ ቅጂ የለውም፤ ከዋናው ፊልም መሠራት አለበት፣ ጊዜ ይወስዳል አሉኝ። በ2 ኬ፣ በሰከንድ 24፣ ሳይሰነጠቅ ብዬ አዝዣለሁ። እናቴ በየእሑዱ ስደውል መጀመሪያ የምትጠይቀኝ «ፊቱን አዞሩት?» ብላ ነው።