ጎመኔን ክሽክሽ ወረረብኝ

ዛሬ ጠዋት ትንሿ ጓሮዬ ስገባ ጎመኔ ቅጠሉ ተጨማዶ ጠበቀኝ። አንዱን ገልብጬ ሳየው ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ወርሮታል። አመድ የተነሰነሰበት ነው የሚመስለው። በጣም አዘንኩ። ከዘሩ ጀምሮ በእጄ ያሳደግኩት ነው።

መድኃኒት ገዝቼ ልረጭ ተነሳሁ። ጎረቤቴ እማማ ግን «ልጄ፣ የምትበላውን እኮ ነው የምትመርዘው!» ብለው አስቆሙኝ። እውነታቸውን ነው።

የክሽክሽ አፍ እንደ መርፌ ነው። ቅጠሉን ወግቶ ፈሳሹን ይመጥጣል። ሴቷ ያለ ወንድ ትወልዳለች፤ ቶሎ የሚበዛው ለዚህ ነው። ጉንዳኖችም ከኋላው የሚወጣውን ጣፋጭ ፈሳሽ ስለሚወዱ ይጠብቁታል።

በጣም የተጎዱትን ቅጠሎች ቆርጬ አወጣሁ። የቀረውን በጎማ ውሃ ከሥር ወደ ላይ አጠብኩት። አመሻሽ ላይ በ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ፈሳሽ ሳሙና በጥብጬ የቅጠሉን ጀርባ ረጨሁ። ሳሙናው የሚገድለው ተባዩን ሲነካው ብቻ ነው፤ ከደረቀ በኋላ አይሠራም። በፀሐይ ከረጫችሁት ቅጠሉን ያቃጥለዋል። የዱቄት ሳሙናማ ጭራሽ አትሞክሩ።

አንዱን ቅጠል ግን ሳልረጭ ተውኩት። ቀይ፣ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ትንሽ ጥንዚዛ ነበረችበት። አጎንብሼ አየኋት። አንዱን ክሽክሽ በልታ ስትጨርስ ዞር ብላ ቀጣዩን ያዘች። መርዙን ረጭቼ ቢሆን እሷም አብራ ትሞት ነበር።

ከ4 ቀን በኋላ ደግሜ እረጫለሁ። እማማ ደግሞ «ነገ ጎመኑ ላይ የሚነሰነስ የምድጃ አመድ ይዤልህ እመጣለሁ» ብለውኛል።