ስኳሩን ስንለካ ጡንቻውንም እንይ

በጽኑ ሕሙማን ክፍል የተኛ የሴፕሲስ (ሰውነት ለኢንፌክሽን የሚሰጠው ምላሽ የራሱን አካላት የሚጎዳበት ከባድ ሕመም) ታካሚ ኢንሱሊን ሲጀመርለት ከአስታማሚዎች የሚመጣው ጥያቄ ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ «ሲስተር፣ አባታችን ስኳር ኖሮባቸው አያውቅም እኮ፤ ኢንሱሊኑ ለምንድን ነው?» ጥያቄው ተገቢ ነው። ሰውነት ከከባድ ኢንፌክሽን ጋር ሲታገል ኮርቲሶልንና አድሬናሊንን የመሳሰሉ ሆርሞኖችን በብዛት ያመነጫል፤ ጉበት ስኳር ወደ ደም መልቀቁን አያቆምም፤ ጡንቻ ደግሞ ለኢንሱሊን የሚሰጠው ምላሽ ይደክማል። የወረደውን የደም ግፊት ለማንሳት የምንሰጣቸው ኖርአድሬናሊንና ሃይድሮኮርቲሶን ሲታከሉበት፣ የስኳር በሽታ የሌለበት ሰው የደም ስኳሩ ከ200 ሚሊግራም በዴሲሊትር ቢያልፍ አያስደንቅም።

ታዲያ ምን ያህል እናውርደው? እ.ኤ.አ. በ2001 በቤልጅየም ሉቨን ከተማ የግሬት ቫን ደን ቤርገ ቡድን፣ በአብዛኛው ቀዶ ሕክምና በተደረገላቸው ጽኑ ሕሙማን ላይ ስኳርን ከ80 እስከ 110 ባለው ክልል አጥብቆ በመያዝ፣ በክፍሉ ውስጥ የሚሞቱት ከ8 ወደ 4.6 በመቶ ዝቅ ማለታቸውን አሳየ፤ በረጅም ሕመም የሚመጣው የነርቭ ጉዳትም ቀንሶ ነበር። በዚህ ተስፋ ብዙ ሆስፒታሎች ተከተሉት። ይሁን እንጂ በጀርመን በሴፕሲስ ታካሚዎች ላይ በተካሄደውና በ2008 በታተመው ጥናት የስኳር መጠን ከልክ በታች መውረድ ስለበዛ ስኳርን አጥብቆ የመያዙ አካሄድ ከታሰበው ጊዜ በፊት ተቋረጠ፤ በ2009 የወጣውና ከ6,000 በላይ ሰዎችን ያካተተው ናይስ ሹገር የተባለው ጥናት ደግሞ ስኳራቸው አጥብቆ ከተያዘው 27.5 በመቶ፣ ከሌሎቹ 24.9 በመቶ በ90 ቀን ውስጥ መሞታቸውን ገለጸ። የ2021 ዓለም አቀፍ የሴፕሲስ መመሪያ ኢንሱሊን ስኳሩ 180 ሲደርስ እንዲጀመርና ከ144 እስከ 180 ባለው ክልል እንዲቆይ የሚመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

የስኳር መውረድን የምፈራበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ በማደንዘዣ የተኛ ሰው «ራበኝ፣ ተንቀጠቀጥኩ» ብሎ አይነግረንም። ደም ግፊቱ ወርዶ ጣቱ የቀዘቀዘና ያበጠ ታካሚን ጣት ወግተን የምናገኘው ቁጥርም ሊያሳስት ስለሚችል፣ የአርተሪ መስመር (በደም ቅዳ ቧንቧ ውስጥ የገባ ቀጭን ቱቦ) ካለው ደሙን ከዚያ መውሰድ ይሻላል።

ስለ ስኳር የምንጽፈውን ያህል ስለ ጡንቻ አለመጻፋችን ግን ያሳዝነኛል። ከምግብ በኋላ በኢንሱሊን አማካይነት ከደም የሚወጣውን ስኳር በብዛት የሚወስደው ጡንቻ ነው። ጤነኛ ሰው እንኳ ለጥቂት ቀናት ከአልጋ ሳይነሳ ቢቆይ ለኢንሱሊን ያለው ምላሽ ይቀንሳል። በለንደን ተካሂዶ በ2013 የታተመ ጥናት በጽኑ ሕሙማን ጭን ላይ ያለውን ጡንቻ በአልትራሳውንድ ሲለካ በ10 ቀን ውስጥ ስፋቱ ወደ 18 በመቶ ገደማ ቀንሶ አገኘው፤ ብዙ የአካል ክፍሎቻቸው በደከሙባቸው ታካሚዎች ላይ መሟሸሹ ይብስ ነበር። ጡንቻ ሲኮማተር ደግሞ ግሉት 4 የሚባሉት ስኳር አስተላላፊዎች ያለ ኢንሱሊንም ቢሆን ወደ ሕዋሱ ሽፋን ይወጣሉ፤ ማለትም እንቅስቃሴ ራሱ ስኳርን ወደ ሕዋስ የሚያስገባ ሌላ በር ነው።

በ2009 በአሜሪካ በመተንፈሻ መሣሪያ ላይ የነበሩ 104 ታካሚዎች ተጠንተው፣ ቀደም ብለው እንዲንቀሳቀሱ ከተደረጉት 59 በመቶ፣ ከሌሎቹ ደግሞ 35 በመቶ ከሆስፒታል ሲወጡ ራሳቸውን ችለው ነበር። የዚሁ ጥናት ተጨማሪ ትንተና የተንቀሳቀሱት ስኳራቸውን ለማስተካከል ያስፈለጋቸው ኢንሱሊን ያነሰ መሆኑን አመለከተ። በ2022 የታተመው ቲም የተባለው ጥናት ግን እንቅስቃሴውን ማብዛት ጥቅም እንዳላስገኘና ጉዳት የሚያስከትሉ ክስተቶችን እንደጨመረ አሳየ። ይህን ይዘው «እንቅስቃሴ አይጠቅምም» የሚሉ ባልደረቦች አሉ፤ እኔ አልስማማም። ንጽጽሩ በቀን በአማካይ ወደ 21 ደቂቃና ወደ 9 ደቂቃ በተንቀሳቀሱ ሰዎች መካከል እንጂ፣ በተንቀሳቀሱና ጨርሶ ተኝተው በዋሉ መካከል አልነበረም።

ለክፍሉ የተመደበ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በሌለበት ሥራው በነርስና በአስታማሚ ላይ ይወድቃል። ቤተሰብ የሕመምተኛውን ጉልበት ማጠፍና መዘርጋቱ መገጣጠሚያው እንዳይደርቅ ይረዳል፤ ሆኖም ጡንቻው የሚሠራው ሰውየው ራሱ ሲገፋ ስለሆነ ማደንዘዣውን መቀነስ ይቀድማል። ኖርአድሬናሊኑ እየተጨመረ ወይም ኦክስጅኑ እየወረደ ከሆነ ይቆይ። ካልሆነ አንዱ የመተንፈሻ ቱቦውን ይዞ፣ ሌላው ከኋላ ትከሻውን ደግፎ፣ እግሩ ወለሉን ነክቶ ለጥቂት ደቂቃ በአልጋው ጠርዝ ይቀመጣል።

እዚህ ላይ ስኳሩና እንቅስቃሴው በቀጥታ ይገናኛሉ። ሰውየውን ለማስቀመጥ ሲባል በቱቦ የሚሰጠው ምግብ ይቆማል፤ ኢንሱሊኑ ግን በፓምፑ መውረዱን ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ምግቡ ሲቆም ኢንሱሊኑም እንዲቀነስ ወይም እንዲቆም ማድረግ፣ ሲመለስም ስኳሩን እንደገና መለካት ያስፈልጋል። አስታማሚም ቢሆን «ሲስተር፣ ምግቡ ቆሟል፤ ኢንሱሊኑስ?» ብሎ ቢጠይቅ በእኔ በኩል ቅር አይለኝም።