«ባትሪ ቀይሬያለሁ»

ባለፈው ሳምንት የአክስቴን ሰፈር ከእንቅልፉ ቀሰቀስሁት። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር። ቦታው ደብረ ማርቆስ፣ ወሩ ኅዳር። ብርዱን የሚያውቅ ያውቀዋል። ከጮቄ ተራራ ለሚወርደው ነፋስ ጋቢ ምኑም አይደለም።

ደምበጫ ያሉ ዘመዶቻችን ለኅዳር ሚካኤል ጠርተውን ነበር። አክስቴ ነጠላዋን ደርባ፣ አገልግሏን አንጠልጥላ ደጃፉ ላይ ቆማለች። እኔ የመኪናዬን ሪሞት ተጫንሁ። ዝም። ደገምሁት። ዝም። መኪናዋን ተጠግቼ ተጫንሁ፤ ከዚያ ጠንከር አድርጌ። የማይሠራ ነገር ሲገጥመኝ በጉልበት የመጫን አመል አለብኝ። አውራ ጣቴ እስኪነጣ ተጫንሁት።

ቁልፌ ጫፉ ብረት፣ ጭንቅላቱ ፕላስቲክ የሆነው ዓይነት ነው። ብረቱን በሩ ላይ ሰክቼ አዞርሁ። በሩ ተከፈተ፤ መኪናዋም ጮኸች። ማታ በሪሞት ነበር የቆለፍኋት። በብረት ሲከፍቷት ሌባ መሰላት። ክላክሱ፣ ፍሬቻው፣ የግቢው ውሻ፣ የጎረቤት ውሻ፣ ሁሉም አንድ ላይ። ከአጥሩ ወዲያ ጋቢ የለበሱ አንድ ሰው ዱላ ይዘው ብቅ አሉ።

«ማነህ?»

«እኔ ነኝ» አልሁ። «እኔ» ማን እንደሆነ በምን ያውቃሉ? አክስቴ ባትደርስልኝ ዱላው አይቀርልኝም ነበር።

ገብቼ ቁልፉን ማስነሻው ላይ ሳዞረው ጩኸቱ ተቋረጠ። ሞተሩም ወዲያው ተነሳ። ያኔ ልብ አላልሁትም እንጂ ግማሹ መልስ እዚያው ተነግሮኝ ነበር። እንደኔ ያለው ቁልፍ አንድ ዕቃ ይመስላል እንጂ ውስጡ ሦስት ነው። አንደኛው ብረቱ ነው፤ እሱ የድሮው ቁልፍ ነው። ሁለተኛው መኪናዋ ባለቤቷን የምታውቅበት ትንሽ ቺፕ ነው። ይህ ቺፕ ባትሪ አይፈልግም። ማስነሻው ዙሪያ ያለ የሽቦ ጥቅል ቁልፉ ሲጠጋው ጉልበት ይሰጠዋል፤ እሱም ቁጥሩን ይናገራል። ሦስተኛው በር የሚከፍተውና የሚቆልፈው ትንሹ ሬዲዮ ነው። ባትሪ የሚበላው እሱ ብቻ ነው። ሞተሩ ከተነሳ ብረቱም ቺፑም ደህና ናቸው ማለት ነው። የቀረው ሬዲዮውና ባትሪው ነው።

ምልክቱም ቆይቶ ነበር። ከወር በፊት ከግቢው በር ሆኜ እከፍታት ነበር። ቀስ በቀስ ግቢው መሀል መድረስ ግድ ሆነ። ሰሞኑን ደግሞ መስተዋቱ ሥር ቆሜ ነው የምቆልፋት። ቁልፉ ላይ ያለችው ቀይ መብራትም ደክማ ነበር። ይህን ሁሉ እያየሁ «ነገ» ስል ከረምሁ።

መንገድ ላይ አማኑኤል ከተማ ሻይ ልንጠጣ ቆምን። አክስቴ ስለበረዳት ማሞቂያውን እስከ ጥግ ከፍቼ ነበር የመጣነው። ስንወርድ ለወጉ ያህል ሪሞቱን ተጫንሁ። ቆለፈ! ፍሬቻው አንዴ ብልጭ አለ።

«አየህ፣ በርዶት ነው» አለች አክስቴ።

ሳቅሁባት። እሷ ግን ልክ ነበረች። የደከመ ባትሪ ሲበርደው ኃይሉ ይወርዳል፤ ሲሞቅ ትንሽ ያገግማል። ጠዋት ላይ ቁልፉን ለአምስት ደቂቃ ብብቴ ሥር ብይዘው ኖሮ ሰውየውም ከዱላቸው ጋር ተኝተው ያረፍዱ ነበር።

ደምበጫ ደርሰን፣ ከጠበሉ ከጠላው ቀመስን። አረቄውን መሪ ይዣለሁ ብዬ አለፍሁት፤ ደምበጫ ላይ አረቄ አልፈልግም ማለት እንዴት እንደሚያሳማ አገሬው ያውቃል። ከሰዓት በኋላ አንድ ሱቅ ሄድሁ። የቁልፉን ጭንቅላት በአንድ ብር ሳንቲም ፈልቅቄ ባትሪውን አወጣሁት። ባለሱቁ ካርቶን ላይ ከተሰደሩት አንዱን ቦጨቀና ከኔው አጠገብ አስቀመጠው። ክብነታቸው ልክ ነው። «አንድ ነው፣ ይሠራል» አለኝ። ገጠምሁት። ሠራ። ሦስት ጊዜ ከፈትሁ፣ ሦስት ጊዜ ቆለፍሁ። የድሮውን ባትሪ ክሩስኮቱ ላይ፣ ከመሪው ፊት ያለው ሰሌዳ ላይ፣ ወረወርሁት። ራሴን እንደ መካኒክ እያየሁ ወደ ማርቆስ ተመለስን። የተምጫን ወንዝ ስንሻገርማ ለአክስቴ ስለ መኪና ኤሌክትሪክ ሌክቸር እሰጥ ነበር።

ቤት ደርሰን ሪሞቱን ተጫንሁ። ዝም።

የጠፋሁት እዚህ ላይ ነው። ከዚያች ማታ ጀምሮ ለጠየቀኝ ሁሉ የምመልሰው አንድ ነገር ነበር፦ «ባትሪ ቀይሬያለሁ»። የሚሰማኝም ያምነኛል። ባትሪውን የሚጠረጥር ሰው ጠፋ። የቀረው መንገድ ሁሉ ውድ መንገድ ነው።

አዲስ አበባ ላለው የአክስቴ ልጅ ደወልሁ። የእሱ መኪና ቁልፍ ሳይዞር፣ አዝራር ሲጫኑ የምትነሳዋ ናት። «ሪሞቱን ከማስነሻው አዝራር ጋር አስጠግተህ ፍሬኑን ርገጥ» አለኝ። ለእሱ መኪና ሸጋ ምክር ነው። ባትሪው ቢሞትም ቺፑ በቅርበት ይነበባል፤ በሩን ለመክፈት ደግሞ ሪሞቱ ሆድ ውስጥ የተሸጎጠ ትንሽ ብረት ቁልፍ አለ። የኔዋ ግን መነሳቱን እንቢ አላለችም።

ቀጥሎ «በስልክህ ካሜራ እየው፣ ብርሃን ካልታየህ ሞቷል» አለኝ። አየሁት። ምንም የለም። የአክስቴን የቴሌቪዥን ሪሞት አምጥቼ በካሜራ ሳየው ሐምራዊ ነገር ብልጭ ብልጭ ይላል። በቃ፣ የኔን ሪሞት ቀበርሁት። ኋላ ነው የገባኝ። የቴሌቪዥኑ ሪሞት የሚናገረው በዓይን በማይታይ ብርሃን ነው፤ ካሜራ ያንን ያያል። የመኪናው የሚናገረው በሬዲዮ ነው። ሬዲዮን በካሜራ ለማየት መሞከር ዘፈን በዓይን ለመስማት እንደመሞከር ነው።

በማግስቱ አንድ ጋራዥ ሄድሁ። ልጁ ትሑት ነው፣ ፈጣን ነው። «ባትሪ ቀይሬያለሁ» አልሁት። «እንግዲያው ኮዱ ጠፍቶ ነው። ኮምፒውተር መግባት አለባት» አለኝ። የነገረኝ ዋጋ በግ ገዝቶ ለቅመሙም ይተርፋል። ነገሩ ደግሞ እውነት ይመስላል። ሪሞቱ በተጫንኸው ቁጥር የተለየ ቁጥር ይልካል፤ ሌባ አንዱን ቢቀዳው እንዳይጠቀምበት ነው። መኪናዋም ተራውን ትከተላለች። ትንሽ ቢቀድማት ትታገሣለች። ከመኪናዋ ርቆ በጣም ብዙ ጊዜ ከተጫኑት ግን ላትቀበለው ትችላለች። እኔ ደግሞ ትዝ አለኝ፤ የአክስቴ የልጅ ልጅ፣ የሦስት ዓመቷ፣ ቁልፉን ቅዳሜ ሙሉ ቀን ስልክ ናት ብላ ስታወራበት ነበር የዋለችው። በሆዴ ሕፃን ከሰስሁ።

ሌላ ሪሞት ገዝቼ ልገላገል ብዬም አስቤ ነበር። እሱም ቀላል አይደለም። ለአውሮፓ የተሠሩ መኪኖች በአብዛኛው በ433.92 ሜጋኸርዝ ነው የሚሠሩት፤ የአሜሪካዎቹ በ315። መልካቸው ቢመሳሰልም አይግባቡም።

ከጋራዡ ስመለስ የሰዓት ሠሪውን ሱቅ አየሁ። ሱቅ ከተባለ። አንዲት የመስተዋት ሳጥን፣ አንድ ወንበር፣ ዓይን ላይ የምትሰካ አጉሊ መነጽር። ሽማግሌው ደብረ ማርቆስን እንደ አክስቴ «መንቆረር» የሚሉ ናቸው። ቁልፌን ዘረጋሁላቸው።

«ባትሪ ቀይሬያለሁ ጋሼ። ሌላ ችግር ነው ያለው።»

አላመኑኝም። በሦስት ቀን ውስጥ ያላመነኝ የመጀመሪያው ሰው እሳቸው ናቸው።

«የቀየርኸውን አሳየኝ።»

ከፈቱት። በቴስተር ለኩት፤ 3.1 ቮልት። «ይሄ ጤነኛ ነው» አሉ። እኔ «አላልሁም?» ልል አፌን ስከፍት፣ በጥፍራቸው ጫን ጫን አደረጉት። ባትሪው ቤቱ ውስጥ ይንቀጠቀጣል።

«የድሮው የት አለ?»

«ክሩስኮት ላይ መሰለኝ።»

«አምጣው።»

ቤት ሄድሁ። ክሩስኮቱ ላይ የለም። ወንበር ሥር የለም። ማታ አክስቴ አገልግሏን ስታወርድ ልጅቷም መኪናው ውስጥ ስትንደፋደፍ ነበር። ግቢው ጥግ አገኘኋት፤ ጠጠር፣ ቆርኪ፣ ቅጠል ደርድራ ሱቅ ትነግዳለች። ባትሪው መዳፏ ውስጥ ነው። «ሳንቲም» አለችኝ፣ ወደ አፏ ጠጋ አድርጋ።

እንዴት እንደነጠቅኋት አላውቅም። አለቀሰች። አክስቴ «ምን አደረገችህ?» ብላ ተቆጣችኝ። እንዲህ ያለ ክብ ባትሪ ልጅ ጉሮሮ ላይ ከተሰነቀረ በ2 ሰዓት ውስጥ ሥጋ ያቃጥላል። አለቀ የተባለውም ቢሆን ያንን የሚያደርግ ጉልበት አያጣም። ለአክስቴ ይህን ስነግራት ልጅቷን አቅፋ ቁጭ አለች፤ ለረጅም ጊዜም አልተነሳችም። እኔ ስለ ኮድና ኮምፒውተር ሳስብ የዋልሁት ሰውዬ፣ ክሩስኮት ላይ የጣልሁትን ነገር ረስቼው ነበር።

ሰዓት ሠሪው ሁለቱን ጎን ለጎን አቆሟቸው። አዲሱ ቀጭን ነው፣ አሮጌው ወፍራም። ጀርባቸው ላይ ተጽፏል፤ አንዱ ሲአር 2016፣ ሌላው ሲአር 2032። የመጀመሪያዎቹ ሁለት አሃዞች ስፋቱ ናቸው፤ ሁለቱም 20 ሚሊሜትር ናቸው። የኋለኞቹ ውፍረቱ ናቸው። አንዱ 1.6 ሚሊሜትር፣ ሌላው 3.2፤ ልክ እጥፍ። ቮልታቸው አንድ ነው፣ ሁለቱም 3። ስለዚህ ቀጭኑ ሱቅ ውስጥ ሠራ። መንገድ ሲያንገጫግጨው ግን ባትሪውን ከሚነካው ብረት፣ ከሞላው፣ ጋር ተለያየ። ባለሱቁ አልዋሸኝም፤ ከላይ ሲያዩት በእርግጥም አንድ ነው። በጎን ያላየሁት እኔ ነኝ። ቁጥሩም ተጽፎበታል፤ ማንበብ እችላለሁ።

አሮጌውን ለኩት፤ 2.6። ከመሳቢያቸው ወፍራሙን አወጡ። ከመግጠማቸው በፊት ግን ማስነኪያዋን ብረት በላጲስ ፈተጓት፤ ጠቁራ ነበር። ሞላውን በመርፌ ጫፍ ቀና አደረጉት። የመደመር ምልክቱ ወዴት እንደሚዞር አሳዩኝ። ከዚያ ክዳኑን ጠቅ።

ቀይዋ መብራት በራች። ድሮም እንዲህ ትበራ እንደነበር ረስቼው ነበር። ኮድ አልጠፋም፣ ኮምፒውተር አላስፈለገም፣ ልጅቷም ከክሱ ነፃ ወጣች። የተቀበሉኝ ገንዘብ ሁለት ማኪያቶ ቢገዛ ነው። ልጨምርላቸው ስል እጄን መለሱት። አሮጌውንና ቀጭኑን ባትሪ በፕላስተር ጠቅልለው ለየብቻ ሰጡኝ። «ልጅ ያለበት ቤት ነው ብለኸኛል» አሉ።

ጋራዡ በር ላይ ሳልፍ ልጁ «እንዴት ሆነ?» አለኝ። ልነግረው ቆምሁ፤ አፌ ግን ከልምዱ «ባትሪ ቀየርሁ» አለ። ግራ ገብቶት አየኝ።

ማታ አክስቴ ቁልፉን ተቀበለችኝና ደጃፉ ላይ ቆማ ራሷ ተጫነችው። መኪናዋ ግቢው ጥግ ላይ ሁለት ጊዜ ብልጭ አለች።

«ጠቀሰችኝ» አለች፤ ደግማም ተጫነች።

ልጅቷ «ለኔም፣ ለኔም» አለች። አንዴ ብቻ ብለን ሰጠናት፤ አሥራ አምስት ጊዜ ያህል ተጫነችው።

በማግስቱ ሌሊት ወደ አዲስ አበባ መነሳት ነበረብኝ። ቁልፉ ያደረው ከትራሴ ሥር ነው።