የመስቀል ወፍ ሐምሌ ላይ የት ነው?

ሐምሌ አጋማሽ። ሰማዩ ጣሪያ ላይ የተኛ ይመስላል፤ ጋቢም አይበቃም። ጠዋት አንዲት ወዳጄ ደውላ «የመስቀል ወፍ ሆነሽ ቀረሽ አይደል!» አለችኝ። ከሰዓት እደውላለሁ ብዬ ዘጋሁ። ወቀሳው አለፈ፣ ወፉ ግን አልወጣ አለኝ።

ምስኪን ወፍ። በዓመት አንዴ ብቅ ይላል እያልን የጠፋ ዘመድ ሁሉ መጠሪያ አደረግነው። እሱ ግን የትም አይሄድም። የትኛው ወፍ እንደሆነ እንኳ ሰው አይስማማም፤ አንዱ እርሻ ዳር እንደ ፍም የሚታየውን ጥቁርና ቀይ ነው ይላል፣ ሌላው ጥቁርና ቢጫውን፣ ሌላው ደግሞ ጭራ ረጅሙን። የሁሉም ነገር አንድ ነው፤ ወንዱ የሚያጌጠው ለመራቢያው ወቅት ብቻ ነው። ወቅቱ ሲያልፍ ላባውን ይቀይርና እንደ ሴቷ ቡናማ ዝንጉርጉር ይሆናል። ጥር ላይ አጥር ሥር ጥራጥሬ የሚለቅመውን ማን ልብ ይለዋል? ድንቢጥ ነው ብለን እናልፋለን።

ጭራ ረጅሙን መለየት የሚፈልግ ምንቃሩን ይይ። ወንዱ ላባው ቢደበዝዝም ምንቃሩ ቀይ እንደሆነ ይቆያል። ሲያጌጥ ጥቁርና ነጭ ይሆናል፤ ጭራው ብቻ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ከአካሉ ይረዝማል። ክረምቱ መሃል ላይ ግን ግማሹ ቡናማ፣ ግማሹ ጥቁር፣ ጭራው ገና ጉቶ፣ ልብስ ሲቀይር በር የተከፈተበት ሰው ይመስላል። ጎጆም አይሠራም። ሴቷ እንቁላሏን ሣር ውስጥ ክብ ጎጆ በምትሠራ፣ ቀይ ምንቃር ባላት ጥቃቅን ወፍ ቤት ጥላ ትሄዳለች፤ ጫጩቱ ከባለቤቷ ልጆች ጋር አብሮ ያድጋል። ስለዚህ ግቢው በየሳምንቱ ከታጨደ ወፉም አይኖርም። አንድ ጥግ፣ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር ቢሆን እንኳ፣ የሣሩ ፍሬ እስኪረግፍ ድረስ ሳይነካ ይቅር። ጎረቤት «ግቢው ጫካ ሆነ» ይበል።

ቀጠሮ አለው የሚባለው ከአደይ አበባ ጋር ነው። የአደይም ዕጣ ያው ነው፤ ሳታብብ አናውቃትም። በየግቢው አደይ የምትጠፋው ሐምሌ ላይ በሚኮተኩት ሰው እጅ ነው። ዘመዷ ጨጎጎት አብሯት ይበቅላል፣ ሁለቱም በሕፃንነታቸው አረም ይመስላሉ። ጨጎጎት ቅጠሉ ሦስት ወይም አምስት ሆኖ ሰፋ ይላል፣ ጠርዙ እንደ መጋዝ ነው፣ ግንዱ አራት ማዕዘን። የአደይ ቅጠል ደግሞ እየተሰነጣጠቀ ይቀጥናል።

ዘሩ የሚሰበሰበው ጥቅምት መጨረሻና ኅዳር ላይ፣ ቢጫው ረግፎ ራሱ ሲደርቅ ነው። በመዳፍ ታሽቶ በጨርቅ ወይም በወረቀት ይቀመጥ፤ ፌስታል ውስጥ ይሻግታል። ሰኔ ላይ አፈሩ ሲርስ ከደረቅ አሸዋ ጋር ተደባልቆ ይበተናል፣ ላዩ ላይ የጥፍር ውፍረት ያህል አፈር ብቻ። ጠለቅ ብሎ ከተቀበረ አይወጣም። ፍግ ከበዛበት ቅጠል ብቻ ይሆንና በነሐሴ ዝናብ ይጋደማል፤ ጥላ ሥር ከሆነ ቀጥኖ ይንጠራራል። ሲበቅል በመካከሉ አንድ ስንዝር ተትቶ ይሳሳ። ትልቁ ጠላቷ ግን ቀንድ አውጣ ነው። ዙሪያውን አመድ ነስንሱ የሚሉ አሉ፤ በሐምሌ ዝናብ አመድ ግማሽ ቀን አይቆይም። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ባትሪ ይዞ መልቀም ነው እንጂ።

መስኮቱ ላይ ያለው የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ ውስጥ ሦስት ችግኝ ወጥቷል። «አደይ» ብዬ በእስክሪብቶ ጽፌበታለሁ። ይህን ሁሉ ካወራሁ በኋላ ጠጋ ብዬ ሳየው ገና ሁለት ሁለት ጠባብ ቅጠል ብቻ ነው ያለው፣ በዚህ ዕድሜ ደግሞ ሁለቱም አንድ ናቸው። አምና በዚሁ ቆርቆሮ እስከ ጳጉሜን ውሃ ያጠጣሁት ጨጎጎት ነበር። እንግዲህ ልንቀለው ወይስ ልጠብቀው?