የፊት ከፍታና የጉዞ ምቾት፦ ዲ-ማክሴን እየለካሁ ያየሁት

ፒካፕ የያዛችሁ ሁሉ ታውቁታላችሁ፤ ባዶውን ሲቆም ፊቱ ዝቅ፣ ኋላው ከፍ ያለ ነው። ፋብሪካው አውቆ ነው እንዲህ የሚሠራው። አንድ ቶን ገደማ ሲጫንበት የኋላ ባሌስትራው (ተደራራቢው የብረት ሞላ) ይተኛና መኪናው ያን ጊዜ ቀጥ ይላል። የእኔው ግን ከጭነት ይልቅ ቤተሰብ ነው የሚበዛበት። ከሆለታ ወጣ ብሎ ባለው የጠጠር መንገድ ላይ ደግሞ የፊቱ ሥር ድንጋይ ይነካል። ፊቱን ከፍ ላድርገው ስል ግማሹ ሰው «ድርቅ ይልብሃል፣ አትንካው» አለኝ፤ ግማሹ «ምንም አይለውጥም» አለኝ። ስለዚህ ከፍታውን በጥቂት በጥቂቱ እየጨመርኩ፣ በየደረጃው እየለካሁ፣ ያንኑ መንገድ ደጋግሜ እየነዳሁ ሞከርኩት። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

መኪናው የመጀመሪያው ትውልድ ኢሱዙ ዲ-ማክስ ነው፤ ደብል ጋቢና፣ ፎር ዊል ድራይቭ። ከፊት ሞላ የለውም። የፊቱን ክብደት የሚሸከሙት በሻንሲው ግራና ቀኝ በቁመት የተዘረጉ ሁለት ረጃጅም የብረት ዘንጎች ናቸው፤ ቶርሽን ባር የምንላቸው። የዘንጉ አንድ ጫፍ ጎማውን ከያዘው ክንድ፣ ከብራቾው ጋር፣ ሌላው ጫፍ በማስተካከያ ቡሎን በኩል ከሻንሲው ጋር ይያያዛል። ጎማው ወደ ላይ ሲነሣ ዘንጉ ይጠመዘዛል፣ ሊመለስ ሲታገልም የሞላን ሥራ ይሠራል። ቡሎኑ ሲጠብቅ ፊቱ ይነሣል፣ ሲላላ ይወርዳል። የቀድሞው ሚትሱቢሺ ኤል 200 እና ኒሳን ሃርድቦዲ ፎር ዊሎቹም የሚሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ዕቃ መግዛት ስለማያስፈልግ ብዙ ሰው ቁልፍ አንሥቶ በቀጥታ ወደ ቡሎኑ ይሄዳል።

መጀመሪያ መግባባት ያለብን ነገር ይኼ ይመስለኛል፦ ቡሎኑን ማጥበቅ ዘንጉን አያደርቀውም። የዘንጉን ጥንካሬ የሚወስኑት ውፍረቱ፣ ርዝመቱና ብረቱ ናቸው፤ እነሱን ደግሞ አልነካናቸውም። በላዩ ያረፈው የመኪናው ክብደትም ያው ነው፤ ስለዚህ መኪናው በአራት ጎማው ሲቆም የዘንጉ መጠምዘዝ ከበፊቱ ብዙም አይለይም። የተቀየረው ብራቾው የሚያርፍበት ቦታ ብቻ ነው። ታዲያ ድርቀቱ ከየት ይመጣል?

ከጎማው የመውረጃ ቦታ ነው። ጎማው ወደ ላይም ወደ ታችም የሚሄድበት የተወሰነ ርቀት አለው፤ ከላይም ከታችም ማቆሚያ አለው። ፊቱን ከፍ ስታደርጉት አጠቃላይ ርቀቱ አይጨምርም። ወደ ላይ የሚነሣበት ይሰፋል፣ ወደ ታች የሚወርድበት በዚያው ልክ ይጠባል። ጉድጓድ ሲመጣ ጎማው ወርዶ መሬቱን መከተል አለበት። መውረጃው ካለቀበት ተንጠልጥሎ ይቀርና ሻንሲውን ይዞት ይወርዳል። እኛም «ደረቀ» የምንለው ያንን መጎተት ነው።

ይኼን ለማየት አለካኩ ትክክል መሆን አለበት። ቁመቱን የወሰድኩት ከጎማው መሃል ከላዩ እስካለው የፓራፋንጎው (የጎማው መከለያ ቆርቆሮ) ጠርዝ ነው፤ ከመሬት ቢለካ የጎማው አየር ያሳስታል። መኪናው ከክሪክ እንደወረደ መለካትም አይረባም፤ ጎማዎቹ ወደ ውስጥ ተሰብስበው ስለሚያርፉ ከእውነተኛ ቁመቱ በላይ ሆኖ ይታያል። ጥቂት ወደፊትና ወደኋላ ነድቶ፣ ፊቱን ተጭኖ ለቅቆ፣ ከዚያ መለካት ነው። መውረጃውን ለማወቅ ደግሞ ሻንሲውን በክሪክ ጎማው ከመሬት እስኪለቅ አንሥቶ ያንኑ ርቀት እንደገና መለካት፣ ልዩነቱን መያዝ። የእኔው በነበረበት ቁመት 8 ሴንቲ ሜትር መውረጃ ነበረው። ፊቱ ከኋላው ጋር እኩል እንዲሆን 5 ሴንቲ ሜትር መነሣት አለበት፤ ያ ማለት የሚቀረው 3 ብቻ ነው።

ቡሎኑን የምትነኩ ሰዎች እባካችሁ ተጠንቀቁ። ዘንጉ የታመቀ ኃይል ይዟል። ሁልጊዜ ሻንሲውን አንሥታችሁ፣ በጠንካራ መቆሚያ አስደግፋችሁ፣ ጎማው ተንጠልጥሎ ነው ቡሎኑ የሚዞረው። ቡሎኑን ጨርሶ አትፍቱት። ከመጀመራችሁ በፊት የነበረበትን ቦታ በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ጥርሱንም ግራሶ ቀቡት።

2 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጌ ስነዳው ልዩነቱን ለመናገር ተቸግሬ ነበር። እንዲያውም ፍጥነት መቀነሻ ላይ ጎማው ወደ ላይ የሚነሣበት ስለሰፋ ትንሽ የለሰለሰ መሰለኝ። ድንጋይ መንካቱም ቀነሰ።

5 ላይ ሌላ መኪና ሆነ። ለጥ ባለ አስፋልት ላይ ምንም አይታወቅም፤ ለዚህ ነው ጋራዡ በር ላይ አንድ ዙር የነዳ ሰው «ምንም አይለውጥም» የሚለው። ፍጥነት መቀነሻውን ወጥቶ ሲወርድ ግን ከፊት «ጓ» የሚል ድምፅ ይመጣል፤ አሞርዛተሩ (የሞላውን መወዛወዝ የሚያበርደው ዕቃ) ተዘርግቶ የመጨረሻው ጫፍ ላይ ሲደርስ ነው። ኮብልስቶን ላይ ትንንሾቹ ንዝረቶች ወደ መሪው ይደርሳሉ። ጠጠሩ ላይ ጎማው ጉድጓዱን ስለማይከተል የኋላ ወንበር የተቀመጡት ይወረወራሉ። እናቴ «ይኼ መኪና ምን ነካው?» ብለው መያዣውን አጥብቀው ያዙ። የእሳቸው ወገብ ከእኔ ሜትር በላይ እንደሚለካ አምናለሁ።

በዚህ መሃል የሰፈራችን አንጋፋ መካኒክ ያሳዩኝ ነገር ትልቅ ቁም ነገር ሆኖልኛል። «ልጄ፣ ብራቾውን ከፍ አድርገህ ቦኮላውን እንደታሰረ ነው የተውከው?» አሉኝ። የብራቾው ቦኮላ፣ ብራቾው ከሻንሲው ጋር የሚያያዝበት ቡሽ ማለት ነው፣ ላስቲኩ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ የተሠራ ነው። በድሮው ቁመት የታሰረ ቦኮላ ብራቾው ቦታ ሲቀይር ቆሞ እያለም ይጠመዘዛል፤ ሁልጊዜ ወደ ድሮው ቦታ ይጎትታል፣ ድርቀት ይጨምራል፣ ቶሎም ይቀደዳል። መፍትሔው ቀላል ነው፦ የብራቾውን ቡሎኖች ማላላት፣ መኪናው በጎማው ቆሞ በአዲሱ ቁመት ሲረጋ መልሶ ማጥበቅ። ጋሼ እንዳሉት አደረግሁ። ከፍታው ሳይቀየር ኮብልስቶኑ ላይ የነበረው ንዝረት በግልጽ ቀነሰ። የእናንተ ቦኮላ አርጅቶ ከሆነ አዲሱን ከሶማሌ ተራ ገዝታችሁ በዚሁ አጋጣሚ ቀይሩት።

ይሁን እንጂ «ጓ» የሚለው ድምፅ አልጠፋም፤ እሱ የመውረጃው ጉዳይ ነው። ስለዚህ 5ቱን ትቼ 3 ሴንቲ ሜትር ላይ አቆምኩት። 5 ሴንቲ ሜትር መውረጃ ቀረልኝ፤ ድምፁ ጠፋ፣ ፊቱም አሁንም በጥቂቱ ዝቅ እንዳለ ነው። ቀጥ ብሎ የቆመ መልክ የምትፈልጉ ሰዎች ላያስደስታችሁ ይችላል። እኔ ግን ጭነት ሲኖር ኋላው ስለሚተኛ ትንሽ ማጎንበሱን እመርጣለሁ፤ ባዶውን እኩል የሆነ መኪና ሲጫን ፊቱን ወደ ሰማይ ያነሣል፣ መብራቱም ከፊት የሚመጣውን ሰው ዓይን ይወጋል።

ከዚያ አላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹን አንግል ማስተካከል፣ ግድ ነው። ከፍታ ሲቀየር ጎማው የሚቆምበት አንግል ሁሉ ይቀየራል። የእኔው መሪ ከኩርባ በኋላ በራሱ ለመመለስ ሰነፍ ሆኖ ነበር፤ አላይመንቱ ሲሠራለት ተመለሰ። ፎር ዊል ከሆነ የፊት አክስሎቹም አንግል ስለሚጨምር ግራሶውን የያዘውን የላስቲክ መሸፈኛ አለመቀደዱን እየጎነበሳችሁ ተመልከቱ።

ሂሉክስ ቪጎ ያላችሁ ጉዳዩ ትንሽ ይለያችኋል፤ ፊታቸው በሞላ ነው። ከሞላውና ከአሞርዛተሩ ራስ በላይ የሚገባው ስፔሰር (ከፍታ የሚሰጥ ማስገቢያ) አሞርዛተሩን በነበረበት ሁኔታ ስለሚተወው መውረጃው አይጠብም፤ ግን ጎማው ሲንጠለጠል የብራቾውና በጫፉ ያለው መገጣጠሚያ፣ የቴስቲናው፣ አንግል ይከብዳል። ሞላውን ጨምቆ ከውስጥ የሚገባው ስፔሰር ግን እንደ እኔ ቡሎን ነው፤ ከመውረጃው ይበላል። የጓደኛዬ ቪጎ ላይ የላይኛው ነው የገባው፤ ጠጠር ላይ ከእኔ 5 ሴንቲ ሜትር በእጅጉ ይሻላል።

ቀጥሎ የማየው ኋላውን ነው። ጥቂት ከረጢት አሸዋ ጭኜ ስነዳ፣ ከፊት ይመጣል ብዬ ስቆጥረው ከነበረው መወርወር ብዙው ቀነሰ፤ ባዶ ባሌስትራ ደረቅ ነው። ቪጎ ላይ የውስጠኛውን ስፔሰር ያስገባችሁ ካላችሁ ጎማውን አንጠልጥላችሁ መውረጃውን ለኩና ቁጥሩን ንገሩኝ፤ ከእኔው ጋር ላስተያየው እፈልጋለሁ።