የድሮ ቤት ሽቦ ማስቀየር፦ ብሩን የሚበላው ሽቦው አይደለም

ደሴ ውስጥ ያረጀ የጭቃ ቤት አላችሁ? ሽቦውን ልታስቀይሩ አስባችኋል? እንግዲያው ከኤሌክትሪሺያኑ በፊት ግንበኛ ፈልጉ። ቀልዴን አይደለም። የወላጆቼን ቤት ሽቦ አስቀይሬ ስጨርስ ቁጭ ብዬ ሂሳቡን ደመርኩት። ካወጣሁት ግማሽ የሚጠጋው የሄደው ለሽቦም ለብሬከርም ለባለሙያም አልነበረም። ለልስንና ለቀለም ነው። ይህን አስቀድሞ ሹክ ያለኝ ሰው ቢኖር ኖሮ እሱን ምሳ በጋበዝኩት።

ቤቱ ጦሳ ግርጌ ነው። የባሕር ዛፍ ቋሚና ማገር፣ በጭድ የተቦካ ጭቃ፣ ከዓመታት በኋላ በላዩ የተለጠፈ የሲሚንቶ ልስን፣ ከላይ ቆርቆሮ። ደሴ ውስጥ የዚህ ዓይነት ቤት ስንት እንዳለ ታውቃላችሁ። ሽቦው ሁለት ክር ብቻ ነበር፣ ኧርዝ የሚባል ነገር፣ ያፈተለከውን ኤሌክትሪክ ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ማለት ነው፣ አልነበረውም። መግቢያው ላይ የድሮ የሸክላ ፊውዝ ነበር። ፊውዙ በተቃጠለ ቁጥር አባቴ ከተራ ሽቦ ላይ አንድ የመዳብ ክር መዞ ያስርበት ነበር። አንዱ ሲቃጠል ሁለት። ሁለቱ ሲቃጠል ሦስት። በመጨረሻ ፊውዙ መቃጠል አቆመ፣ ቤተሰቡም ተገላገልን አለ። ነገሩ ግን መቃጠል ካለበት ከዚያ በኋላ የሚቃጠለው ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ ነው።

ያስጀመረኝ የእማዬ ምጣድ ነው። ሶኬቱ ጠቁሮ ቀለጠ፣ ቀየርነው፣ እንደገና ቀለጠ። ስሌቱ ቀላል ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይስባል። 4,000ን ለ220 ቮልት ስታካፍሉት 18 አምፔር ገደማ ይመጣል። ጥሩ የሚባለው ሶኬት የሚችለው 16 ነው። ስለዚህ ምጣድ ሶኬት ላይ አይሰካም፣ በቃ። ከቦርዱ የራሱ ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና የራሱ ማብሪያ ማጥፊያ ይሠራለታል። ለብቻው 4 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ጎተትንለት፣ ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው። ለመብራት 1.5፣ ለሶኬት 2.5 ይበቃል።

የእቃውን ዋጋ በቁጥር አልጽፍም፣ ነገ ውሸት ይሆናል። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው በገበያ ይወሰን ተብሎ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን ሲያልፍ የሽቦ ዋጋ ምን እንደሆነ ያየ ሰው ያውቀዋል። ምክሬ አንድ ነው፦ ዋጋ በጠየቃችሁበት ቀን ግዙ። «ሥራው ሲጀመር እገዛለሁ» ማለት ኪሳራ ነው።

ሽቦ ስትገዙ ቢላ ያዙ። ቀልድ ይመስላል አይደል? መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም እንደ ሙሉ መዳብ ሆኖ ይሸጣል። ጫፉን ልጣችሁ በቢላ ፋቅ አድርጉት፣ ከሥር ነጭ ካወጣ መልሱት። ጥቅልሉ ሲነሳ ከቀለለም ጠርጥሩ። ሌላም አለ፦ ጥቅልሉ ላይ 100 የሚል ካያችሁ ቀጥሎ ያለውን አንብቡ። 100 ያርድ ማለት 91 ሜትር ከምናምን ነው። ባለሱቁ «ያው ነው» ይላል። ያው አይደለም፣ ዘጠኝ ሜትር ገደማ ሄደ ማለት ነው። እዚሁ ደሴ ፒያሳም፣ ኮምቦልቻም ጠይቄ ነበር። የዋጋው ልዩነት የታክሲውን ቢመልስ ነው፣ ስለዚህ አትድከሙ።

አሁን ወደ ግድግዳው።

ኤሌክትሪሺያኑን ያገናኘኝ ዘመድ ነው። «ኮምቦልቻ ስንት ቤት ሠርቷል መሰለህ!» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ሠርቷል። የሠራቸው በሙሉ ግን አዲስ የብሎኬት ቤቶች ናቸው። ይሄንን ያወቅሁት በኋላ ነው። ዋጋ ስንነጋገር በነጥብ ተስማማን። አንድ መብራት አንድ ነጥብ፣ አንድ ሶኬት አንድ ነጥብ። ልማዱ እንዲህ ነው፣ ምንም አይደለም። እኔ ግን ከመጀመሩ በፊት በግልጽ ጠየቅሁት፦ ቤቱ ጭቃ ነው፣ ሽቦውን ለምን በላዩ በሚለጠፍ የፕላስቲክ ትራንኪንግ፣ በዚያ ባለ ክዳን ቦይ፣ አትወስደውም? ሳቀብኝ። «እሱ የሱቅ ነው ወንድሜ፣ ቤት ያስጠላል። ቀብሬ እንደ አዲስ አደርግልሃለሁ፣ አብሽር።» ያቺን አብሽር እስከ ዛሬ አልረሳኋትም።

መኝታ ቤት ጀመረ። ስካርፔሎውን ልስኑ ላይ አስጠግቶ በመዶሻ መታ። ምንም አልሆነም። ደገመ። ከውስጥ ኮሽ የሚል ድምፅ ሰማን፣ ባዶ ነገር ሲመታ እንደሚሰማው። ሲሠልስ ምጣድ የሚያህል ልስን ከነቀለሙ ተላቆ እግሩ ሥር ወደቀ። በተላቀቀው ዳር የዛገ የዶሮ ሽቦ ብቅ አለ።

የዶሮ ሽቦው ነው ጉዱ። ሲሚንቶ ጭቃ ላይ በደንብ አይጣበቅም። ጭቃው በበጋ ይኮማተራል፣ በክረምት ያብጣል፣ ሲሚንቶው ግን እንዳለ ነው። ስለዚህ የድሮ ግንበኞች መጀመሪያ የዶሮ ሽቦ በሚስማር ይመቱና ከዚያ ይለስናሉ። ከዓመታት በኋላ ልስኑን ይዞ የሚያቆየው ያ ሽቦ ብቻ ይሆናል፣ ከጀርባው አየር ነው። እና የእኛ ሰውዬ ስካርፔሎውን ሲመታ ጫፉ በሽቦው እየተያዘ፣ ሽቦውን ሲጎትት ሽቦው ሌላውን ልስን እየጎተተ፣ ሁለት ጣት የሚሰፋ ቦይ ለማውጣት ብሎ ግማሽ ግድግዳ አወረደ። በፒንሳ ቆርጦ ቢሄድ እንኳ ጥሩ ነበር። እሱ ግን ይጎትታል።

ቁም አልኩት። «የጀመርነውን እንጨርስ» አለኝና በአግድም ወደ ሳሎኑ ዞረ። አግድሙ ደግሞ ባሰ። በቁመት ከሄዳችሁ ከቋሚ ቋሚ መሃል ሾልካችሁ ትሄዳላችሁ፣ በአግድም ስትሄዱ ግን ቋሚ እንጨት በየክንዱ ያጋጥማል። እሱም እንጨቱን በመጋዝ ማሳነስ ጀመረ! ቤቱን የተሸከመውን እንጨት! በዚህ ጊዜ እማዬ ከጓሮ መጥታ አየችው። ምን እንዳለችው አልጽፈውም፣ መዶሻውን ግን አስቀመጠ።

ልስኑን ማን ይመልሳል? ስለው «ልስን የኔ ሥራ አይደለም፣ የተስማማነው በነጥብ ነው» አለኝ። ቃል በቃል ካየነው ልክ ነው። ሆኖም የአንድ ቤት ግድግዳ አፍርሶ «የኔ አይደለም» የሚል ሰው ሕሊናው እንዴት እንደሚፈቅድለት አላውቅም። የሠራበትን ከፈልኩት። ጥርሴን ነክሼ።

ጎረቤት አንድ የድሮ ግንበኛ አሉ፣ ጋሼ ነው የምንላቸው። ገብተው ግድግዳውን ዞር ዞር እያሉ አዩና፣ «ይሄን ቤት ማነው የደበደበው?» አሉ። ከዚያ ዝርዝሩን ነገሩኝ። የተላቀቀው ሁሉ ይወርዳል፣ ባይወርድም መውረዱ አይቀርም። ጭቃው ከጤፍ ጭድ ጋር ይቦካል፣ ይከርማል፣ ይረገጣል። አንድ ድርብ ይመረጋል፣ እስኪደርቅ ይጠበቃል፣ የሚሰነጠቀው ይሰነጠቃል፣ ሁለተኛ ድርብ ይገባል። ከዚያ አዲስ የዶሮ ሽቦ፣ ከዚያ ልስን። ክረምት ነበር። የደሴን ክረምት የሚያውቅ ያውቃል፣ ጉሙ ቤት ድረስ ይገባል። ጭቃው አልደርቅ አለ። ከሰል አቀጣጥለን እናድርቀው ስል ጋሼ ተቆጡኝ፦ በእሳት የደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል። ጠበቅን። ቤተሰቡ ሁሉ አንድ ክፍል ውስጥ ታጭቆ፣ እቃው ሳሎን መሃል በሸራ ተሸፍኖ፣ አቧራው ሽሮው ውስጥ ሳይቀር ገብቶ።

ቀለሙስ? «የተጠገነውን ብቻ እቀባለሁ» እንዳትሉ። የድሮው ክሬም ቀለም ዛሬ ከየትም ብትገዙ አይገጥምም። አንድ ቦይ የወጣበት ክፍል ሙሉ በሙሉ ይቀባል። በር ከፍታችሁ ስታዩት ደግሞ ያልተቀባው ኮሪደር ያስጠላችኋል፣ እሱም ይቀባል። ብሩ በዚህ መንገድ ነው የሄደው።

የቀሩትን ክፍሎች ሌላ ልጅ አምጥቼ በትራንኪንግ አሠራሁ። ግድግዳው አልተነካም፣ አቧራ የለ፣ ግንበኛ የለ። ከጣሪያው ጥግ ጥጉን ይዞ ሄዶ በቀጥታ ወደ ማብሪያው ይወርዳል፣ ከግድግዳው ጋር ስትቀቡት ደግሞ ዓይን ውስጥ አይገባም። ባለሙያ ነን የሚሉት በሙሉ «መቀበር ነው ጥሩው» ይሏችኋል። ለብሎኬት ቤት ይሁንላቸው። ለጭቃ ቤት እኔ አልስማማም። አይጥ ቢበላው፣ ሽቦ ቢሞቅ፣ ነገ አንድ ሶኬት መጨመር ብትፈልጉ ክዳኑን ከፍታችሁ ታዩታላችሁ። የተቀበረውን ለማየት ጋሼን እንደገና መጥራት ነው።

የመብራት ኃይል ቢሮውንም ሳልናገር አላልፍም። የድሮ ቤት ዋናውን መስመር ለመቀየር ቆጣሪው ጋ መጥፋት አለበት፣ ቆጣሪው ደግሞ ታሽጓል፣ እሽጉን ራሳችሁ መቁረጥ አትችሉም። ማመልከቻ አስገባሁ። «ባለሙያ ፊልድ ወጥቷል።» በነጋታው ሄድኩ፣ ፊልድ ነው። ካርታው በአባቴ ስም ስለሆነ ደግሞ ውክልና አምጣ ተባልኩ፣ ውክልናውን ሳመጣ የነገረኝ ሰው ፈቃድ ወጥቷል፣ የተተካው ደግሞ ውክልና ማን ጠየቀህ ይለኛል! ቤቱ ፈርሶ እየጠበቀ እኮ ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን ገልብጡት፦ መጀመሪያ ወረቀቱን ጨርሱ፣ የሚያጠፋው ሰው የሚመጣበትን ቀን ያዙ፣ ከዚያ ነው መዶሻ የሚነሳው። በዚያ ላይ ማመልከቻውን አስፈርማችሁ ኮፒውን ያዙ።

ኧርዙ ሲቀበር አጠገቡ ቆማችሁ እዩ። አንድ ሜትር ተኩል ዘንግ ነው መሬት ውስጥ የሚገባው። የኛ መሬት ከሥሩ አለት ስለሆነ ግማሹ ገብቶ እምቢ አለ። ልጁ መጋዝ አንስቶ «የተረፈውን እንቁረጠው፣ ማን ያየዋል?» አለኝ። ማንም አያየውም፣ ሰው እስኪይዘው ድረስ። ከጓሮው ታች፣ የእቃ ማጠቢያ ውሃ የሚወርድበት ርጥብ ጥግ ላይ ሌላ ጉድጓድ አስቆፈርኩ፣ ሙሉውን ገባ። ጨውና ከሰል ጨምሩበት ይባላል። ጨው ዝናብ ያጥበዋል፣ ዘንጉንም ይበላዋል። ርጥብ ቦታ ከተገኘ ምንም አያስፈልገውም።

ኧርዝ ሊኬጅ ብሬከር የሚባለውን፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ራሱ የሚያጠፋውን፣ 30 ሚሊ አምፔር የሚለውን፣ ሳትገዙ አትመለሱ። ውድ ነው፣ ግን ሰው ከሚያድኑት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። እማዬ ትጠላዋለች። ምጣዷ ርጥበት ሲይዝ ከሸክላው ሥር ያለው ሽቦ ትንሽ ያፈሳል፣ ብሬከሩም ይወድቃል፣ እሷም ሊጥ ቀርቦ እሳት የለም እያለች ትደውልልኛለች። ምጣዱን ፀሐይ ላይ አውጥቶ ማድረቅ ነው መፍትሔው። አንዱ ብልጥ «ንቀለውና ተገላገል» ብሏት ነበር። በስልክ ተጣላን።

ሰርቪስ ቤቷን ገና አልነካኋትም። እሷም ጭቃ ናት፣ ሽቦዋም የዚያው ዘመን ነው። ትራንኪንጉ ተገዝቶ አልጋ ሥር ተቀምጧል፣ ከመስቀል በኋላ ያ ሁለተኛው ልጅ ይመጣል። ውላችን ላይ «ግድግዳ አይነካም» የሚል መስመር አስገብቻለሁ፣ ፈርሟል።