«ይሁንህ»፦ አያቴን በቃኘው ፎቶዎች ውስጥ ስፈልግ የተማርኩት

ቃኘው የተባሉት የኢትዮጵያ ሻለቆች ከዘመቱበት ከኮሪያ ጦርነት በቤታችን የነበረው ፎቶ አንድ ብቻ ነው። መዳፍ ያህላል። አሥራ አራት ወታደሮች በሦስት ረድፍ ተደርድረውበታል። የፊቶቹ በርከክ ብለዋል፣ የኋላዎቹ የሆነ ከፍታ ላይ ወጥተዋል። ከጀርባቸው ድንኳን አለ፣ መሬቱ በረዶ ነው። መሃለኛው ረድፍ ላይ፣ ከግራ ሦስተኛው ሰው አናት ላይ በእርሳስ ትንሽ የመስቀል ምልክት አለች። ያ ሰው አያቴ ነው ተብሎ ነው ያደግነው። እናቴም፣ እኔም።

አያቴ በ1952 ዓ.ም. በሕመም ሞተ። እናቴ ያኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበረች፣ ፊቱን በደንብ አታስታውሰውም። የክቡር ዘበኛ ወታደር ስለነበር፣ ክቡር ዘበኛ ከሞከረው ከ1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት፣ ከታኅሣሥ ግርግር በኋላ፣ ሴት አያቴ እማማ የደንብ ልብስ ያለበትን ፎቶ ሁሉ ከግድግዳ አወረደች። በደርግ ጊዜ ደግሞ መንግሥት አያቴ ከተዋጋት ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሲወዳጅ እንደገና ፈራች። የተረፈችው ይቺ አንዷ ናት፤ ከክርስትና ልብስ ጋር በጨርቅ ተጠቅልላ።

ፍለጋውን የጀመርኩት ያለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ ነው። እስካሁን የደረስኩበትን የምጽፈው፣ እንደኔ በየቤቱ ሳጥን ውስጥ አንድ ፎቶ ይዞ የተቀመጠ ብዙ ሰው እንዳለ ስለማውቅ ነው። ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ኮሪያ ሄደዋል። የእነሱ ልጅና የልጅ ልጅ ስንት እንደሚሆን አስቡት።

መጀመሪያ የሠራሁት ስህተት ቀጥታ ፊት ፍለጋ መግባቴ ነው። ፎቶውን በስልኬ አንስቼ፣ ፊት ጥርት የሚያደርግ መተግበሪያ ውስጥ አስገባሁት። የወጣው ፊት ያማረ ነበር። ዓይኑ የጠራ፣ ቅንድቡ የተስተካከለ። እናቴ አልቅሳ ሳመችው። በማግስቱ ያንኑ ፎቶ ደግሜ ሳስገባው ሌላ ዓይነት አፍንጫ አወጣ። ያኔ ነው የገባኝ፤ መተግበሪያው ያላየውን ከራሱ ይሞላል። ደብዛዛ ፊት ላይ የሚጨምረው ነገር የማንም አይደለም። ለእናቴ ያንን ማስረዳት ከባድ ነበር። ከዚያ ወዲህ የምጠቀመው ስካነር ብቻ ነው፣ ቢያንስ በ600 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች 600 ነጥብ)፣ ምንም ሳይነካካ።

ቀጥሎ ወደ ቀኑ ሄድኩ። ከጀርባው በእርሳስ «ለማስታወሻ» እና «44» የሚል ይነበባል። 1944 ማለት ነው። እዚህ ላይ ብዙዎቻችን እንሳሳታለን። የእኛ 1944 በፈረንጅ ከመስከረም 1951 እስከ መስከረም 1952 ነው። የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ በኮሎኔል ተሾመ እርገቱ እየተመራ በሚያዝያ 1943 ከአዲስ አበባ ተነሳ፤ በባቡር ጅቡቲ፣ ከዚያ በመርከብ ሦስት ሳምንት ያህል ተጉዞ ቡሳን ገባ። ሁለተኛው በኮሎኔል አስፋው አንዳርጌ መሪነት በመጋቢት 1944 ደረሰ። ሦስተኛው የኮሎኔል ወልደ ዮሐንስ ሽታ ነው፣ 1945። የተኩስ አቁሙ የተፈረመው ሐምሌ 20 ቀን 1945 ነው። እነዚህን በአንድ ወረቀት ላይ በሁለቱም አቆጣጠር ጽፌ ጠረጴዛዬ ላይ ለጥፌአለሁ። እናንተም አድርጉት፣ ብዙ መከራ ያድናል።

አሁን በረዶውን ተመልከቱ። የኮሪያ ክረምት ከኅዳር መጨረሻ እስከ የካቲት ነው። በረዶ ላይ የተነሳና «44» የተባለ ፎቶ የመጀመሪያው ቃኘው ሰዎች መሆን አለበት። በቤታችን ግን አያቴ የሁለተኛው ቃኘው ነው ይባላል። አንዱ ስህተት ነው ማለት ነው። እናቴን ስጠይቃት «በጾም ነው የሄደው፣ ፋሲካን ያለ እሱ ነው የዋሉት ሲባል ሰምቻለሁ» አለችኝ። ደስ ብሎኝ ባሕረ ሐሳብ አስቆጠርኩ። የመጀመሪያውም የሁለተኛውም ጉዞ በዓቢይ ጾም ነው የወደቀው! ስለዚህ ያ ትዝታ እውነት ቢሆንም ሁለቱን አይለይም።

መልሱ የመጣው ከአያቴ ታናሽ እህት ቤት ነው። እትዬ እንላቸዋለን፣ 88 ዓመታቸው ነው። ጥር ላይ ልጠይቃቸው ሄጄ፣ ከቅዱስ ገብርኤል ሥዕል ኋላ የተሸጎጠ ፍሬም አወጡልኝ። አያቴና እማማ ፎቶ ቤት የተነሱት ነው። እሱ በደንብ ልብስ ቆሞ፣ እሷ ተቀምጣ። እንዲህ ያለ ፎቶ መኖሩን እናቴም አታውቅም ነበር። ከፍሬሙ በጥንቃቄ ስናወጣው ከጀርባው በቀለም «ጥር 10 ቀን 1944 ዓ.ም.» ይላል። የጥምቀት ዋዜማ! በዚያ ቀን አዲስ አበባ ፎቶ ቤት የቆመ ሰው፣ በዚያው ክረምት ኮሪያ በረዶ ላይ ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው ቃኘው ከመነሳቱ ሳምንታት በፊት የተነሱት የመሰነባበቻ ፎቶ መሆን አለበት።

ታዲያ ከግራ ሦስተኛው ሰው ማነው?

ማታ ፎቶውን ገልብጬ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥኩ። መብራት አጠፋሁ። የስልኬን ባትሪ ከጎን፣ ከጠረጴዛው እኩል ዝቅ አድርጌ አበራሁ። እርሳስ ቢደበዝዝም ወረቀቱን ገፍቶት ያለፈው ቦታ ይቀራል፣ ብርሃን ከጎን ሲመጣ ጥላ ይሠራል። ቀስ እያልኩ ባትሪውን ዞር ዞር አደረግኩት። ከ«ለማስታወሻ» በላይ «ለወንድሜ» የሚል ወጣ። ከጎኑ ስም አለ፣ ግን ሙጫ በልቶታል። ከ«ለማስታወሻ» ቀጥሎ ደግሞ «ይሁን» እና አንድ ፊደል። ያቺን ፊደል ለማየት ግማሽ ሰዓት ሳይፈጅብኝ አልቀረም። «ህ» ናት። ይሁንህ።

እኛ ቤት ፎቶውን አያቴ ለእማማ ነው የላከላት ይባል ነበር። ለሚስቱ ቢሆን «ይሁንሽ» ይል ነበር። ይህ ፎቶ ከአንድ ወንድ ለሌላ ወንድ የተሰጠ ነው። የዚያ ዘመን ሰው የራሱን ፎቶ ለጓደኛው ይሰጣል፣ ከጀርባው ይጽፍለታል። መስቀሏን ያደረገው ሰጪው ነው፣ «እኔ ይኸውልህ» ለማለት። ተቀባዩ ደግሞ አያቴ። ሰባ ምናምን ዓመት ሙሉ የአያቴን ጓደኛ አያቴ ብለን ኖርን።

ይህንን ከምንም በላይ ደግሜ መናገር የምፈልገው ለዚህ ነው። በየቤታችን ያለ የወታደር ፎቶ ሁሉ የባለቤቱ ፎቶ አይደለም። ጀርባውን በደንብ ሳታነቡ ፊት አትፈልጉ። ለማን እንደተጻፈ ከአንዲት ፊደል ይታወቃል፣ ቋንቋችን ይህን ያህል ረድቶናል። ደብዛዛውን ጽሑፍ ደግሞ በእስክሪብቶ አትድገሙት፣ እባካችሁ። አንድ የማውቀው ቤተሰብ «እንዳይጠፋ» ብሎ ደገመው፣ አሁን የመጀመሪያው ምን ይል እንደነበር ማወቅ አይቻልም።

ለእናቴ የነገርኳት ከሁለት ሳምንት በኋላ ነው። አፌ እምቢ አለኝ።

ከዚያ ፍለጋው የሁለተኛውን ቃኘው ፎቶዎች ወደ መሰብሰብ ዞረ። አፍንጮ በር ወዳለው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሄድኩ። የሞቱት ስማቸው እዚያ ተቀርጿል፤ ከ120 በላይ ናቸው። ስሞቹን አንድ በአንድ አነበብኩ። አያቴ እዚያ እንደማይኖር እያወቅኩ።

የአሜሪካ ጦር ፎቶ አንሺዎች ያነሷቸውም አሉ። ሜሪላንድ ኮሌጅ ፓርክ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብታቸው ያስቀምጣቸዋል፣ የተወሰነው በኢንተርኔት ይታያል። የእነዚህ ጥሩነት መግለጫቸው ነው፤ ቀን፣ ቦታና ክፍሉ ይጻፋል። ቃኘው በ7ኛው እግረኛ ክፍለ ጦር በ32ኛው እግረኛ ሬጅመንት ሥር ስለነበር፣ «ኢትዮጵያ» ብሎ ከመፈለግ ሌላ በእነዚህ ቁጥሮችም መፈለግ ያዋጣል።

ስም ላይ ግን ተጠንቀቁ። ፈረንጅ የእኛን አባት ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይወስደዋል። ወልደ ማርያም የሚባል ሰው «ማርያም» ተብሎ ሊመዘገብ ይችላል፣ «ወልደ» መጠሪያው ሆኖ። ጸ እና ጠ ያለበት ስም ደግሞ ጸሐፊው እንደሰማው ነው የሚጻፈው። እኔ የአያቴን ስም በአሥራ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ነው የሞከርኩት።

የደንብ ልብስም ይናገራል። የ7ኛው ክፍለ ጦር ምልክት ቀይ ክብ ላይ ጥቁር የአሸዋ ሰዓት ነው። በጥቁርና ነጭ ፎቶ ቀዩና ጥቁሩ ስለሚቀራረቡ ከሩቅ ጥቁር ክብ ብቻ ሊመስል ይችላል። የተባበሩት መንግሥታት የኮሪያ ሜዳይ ሪባን ሰማያዊና ነጭ ቀጫጭን መስመር ነው፤ ደረት ላይ እሱ ካለ ፎቶው ከመሄዳቸው በፊት የተነሳ አይደለም። ይህ ሪባን የሚደረገው በባለቤቱ ግራ ደረት ነው። በሰውየው ቀኝ ደረት ካያችሁት ፎቶው ተገልብጦ ታትሟል ማለት ነው። ያኔ «ከግራ ሦስተኛ» ያላችሁት ሁሉ ከቀኝ ሦስተኛ ይሆናል። ይህ አንድ ጊዜ ደርሶብኛል፣ አንድ ሳምንት የተሳሳተ ሰው ሳጠና ከርሜ።

አንድ አባት ዘማች አገኘሁ፣ ዕድሜያቸው ከ90 ያለፈ። ስልኬን ሳሳያቸው ዓይናቸው እምቢ አለ። በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ተመለስኩ። «ልጄ፣ ፊት ብቻ አታሳዪኝ፣ ማን ከማን ጎን እንደቆመ ነው የማየው» አሉኝ። አብሮ የሚበላ፣ አብሮ የሚተኛ አብሮ ነው የሚነሳው። ከዚያ በኋላ የአንድ ሰው ፍለጋ ሳይሆን የአንድ መቶ ሰዎች ፍለጋ ሆነ። አንዱን ካወቅን ጎረቤቶቹን እንከተላለን። አባባ በሁለት የተለያዩ ፎቶዎች ላይ አንድ ረጅም ሰው በቅጽል ስሙ ለዩልኝ። የሁለተኛው ቃኘው ነው አሉ።

ረጅሙ ሰው ያለባቸውን ፎቶዎች ሰብስቤ ስድስት መረጥኩ። በኤ ፎር አሳተምኳቸው። ሰኔ ላይ ወደ እትዬ ይዤ ሄድኩ። ምንም አልነገርኳቸውም። «እዚህ ውስጥ ወንድምዎ አለ?» ማለት እንኳ አልፈለግኩም፣ ምክንያቱም ሰው የሚወደውን ፊት ከጠየቅከው ያገኘዋል። «እስኪ እነዚህን ይዩልኝ» ብቻ አልኩ። እናቴ ወጥ ቤት እንድትቆይ ለመንኳት፣ ፊቷ እንዳይመራቸው።

እትዬ መነጽራቸውን በነጠላ ጠረጉ። አንዱን አዩ፣ አስቀመጡ። ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። አምስተኛው ላይ ዘጠኝ ሰዎች የአሸዋ ከረጢት ተደግፈው ተቀምጠዋል። ከዳር ያለው የብረት ቆቡ ጥላ ግማሽ ፊቱን ሸፍኖታል። እኔ ያን ሰው ከቁም ነገር አልቆጠርኩትም ነበር። እትዬ ጣታቸውን እሱ ላይ አደረጉ። ፊቱ ላይ ሳይሆን እጁ ላይ። «አውራ ጣቱን እይው» አሉ። «ቀበቶው ውስጥ ይከታል። ሁልጊዜ። አባታችን በዚህ ይቆጣው ነበር።»

ተነስቼ የፎቶ ቤቱን ፍሬም አመጣሁ። አያቴ እማማ ጎን ቆሟል። ግራ እጁ ትከሻዋ ላይ ነው። የቀኝ አውራ ጣቱ ቀበቶው ውስጥ ነው። እስከዚያ ቀን አላየሁትም።

በኋላ ጆሮ አስተያየሁ። የጆሮ ቅርጽ በዕድሜም በክሳትም ብዙ አይለወጥም። የሁለቱም ጆሮ ጫፍ ከጉንጭ ጋር የተጣበቀ ነው። የመስቀል ምልክት ያለበት ሰው ጆሮ የተንጠለጠለ ነው። መዝገቤ ላይ ግን «እርግጠኛ» ብዬ አልጻፍኩም። «በጣም የሚመስል፤ ማስረጃ፦ የእህት ምስክርነት፣ የእጅ አቀማመጥ፣ ጆሮ፣ አብረውት ያሉ ሰዎች» ብዬ ነው የጻፍኩት። የስም ዝርዝር ያለው ቅጂ እስካገኝ በዚሁ ይቆያል።

እናቴ አዲሱን ፎቶ ሳሎን ሰቀለችው። አሮጌውን የት ላድርገው ብዬ ስጠይቃት «እዚያው ጎኑ» አለችኝ። «ወንድሜ ብሎታል አይደል? እንግዲህ አጎቴ ነው።»

አሁን የእሱን ቤተሰብ እየፈለግኩ ነው። የመጀመሪያው ቃኘው፣ የ1944 ክረምት፣ ድንኳን ፊት ለፊት አሥራ አራት ሰዎች። መሃለኛው ረድፍ፣ ከግራ ሦስተኛ። መካከለኛ ቁመት፣ ጆሮው የተንጠለጠለ፣ የቀኝ ቅንድቡ መሃል ላይ የተሰነጠቀ ጠባሳ የሚመስል መስመር አለ። ጽሑፉ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው፣ የ«ለ» እግሮቹ ረጃጅም። አባታችሁ ወይም አያታችሁ ከመጀመሪያው ቃኘው ከሆኑና በሳጥናችሁ የእጅ ጽሑፋቸው ካለ፣ «ለ»ዋን አስተያዩልኝ።